ቀጭኑ ሽመላ

በሊየፓያ ወደብ፣ ከቦዩ ማዶ ባለ ምድር ቤት፣
ጉንቲስ የደከሙ ማሽኖች ይቀበላል፤ በሩ ደወል የለበት።
ቬልታ መጣች በገበያ ጋሪ፣ ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣
ከላዩ ላይ የአጃ ዳቦና አንድ ራስ ጎመን ጥላ።

«ይበራል» አለችው፣ «ግን አይነሳም፤ ጥቁር ላይ ነጭ ጽፎ ይቆማል፤
ኤፍ ዋንን ምታ ይለኛል፤ መትቼውም ያዘግማል።»

ከፈተው፤ አቧራው እንደ በግ ጠጉር ተጋግሮ፣
ሳንቲም የምታህል ባትሪ ከቦርዱ ጥግ፣ ጠርዟ በዝገት ተቦርቡሮ።
የሰዓቱ ጠባቂ እሷ ነበረች፣ ማሽኑ ሲተኛ የማትተኛ፤
አሁን በየጠዋቱ ጥር አንድ ላይ ነው፣ ዓመት የጠፋበት ዘበኛ።

«ልተወው?» አላት፣ «ዘጠና ስምንት መልካም ዓመት ነበር።»
«አይ፣ አስተካክል፤ የምውጠው ኪኒን አለ፤ ቀን ከሳትኩ ችግር።»

ሰማያዊውን ገጽ ከፈተ፤ ዕለቱን ጻፈ፤ ዓመቱን ጻፈ፤
ፍሎፒን ከፊት ተራ አውጥቶ ሃርድ ዲስኩን አሰለፈ።

ተነሳ።
ዳመና። ሰማይ። የፋብሪካው ሥዕል፣ ማንም በየቤቱ የሚያየው።
«ይሄ አይደለም» አለች ቬልታ፣ «ሽመላዬስ? ምን ዋጠው?»

አርኖልድስ፣ ባሏ፣ የሳለው ነው፤ የወደብ እህል መዛኝ ነበር፤
አንድ የበረዶ ወር ሙሉ፣ ነጥብ በነጥብ፣ በማውሱ ሲቆፍር።
ሽመላ በጎርፍ መስክ ላይ፣ አንድ እግሩን ከሆዱ ከትቶ፤
«ውሃው ይሄዳል» ትላለች፤ ጉንቲስ ይነቀንቃል፣ ለትሕትና ሰምቶ።

«መጨረሻ የነካካው ማነው?»
«ማንም።»
ደንበኛ ሁሉ «ማንም» ይላል፤ ለምዶታል፤ አልጠየቃት ደግሞ።
ፋይሎቹን ገለበጠ፤ አገኘው፤ ስሙ ተቀይሮ፣ ጥግ ላይ ተጋድሞ።
ስም የቀየሩበት ሥዕል አይጠፋም፤ ማሽኑ ግን በስሙ ነው የሚጠራው፤
ስሙን ካጣ የፋብሪካውን ዳመና ነው የሚያበራው።

ሲከፍተው ሽመላው ቀጭን ነው፤ እንደ ሹራብ መርፌ የከሳ፤
«ተበላሽቷል» ብሎ ወርዱን ለጠጠ፤ አዳነውና ማሽኑን አስነሳ።
መጣ ሽመላው፣ ዝይ ሆኖ! ክንፉ እንደ በርሜል አብጦ፣
እግሩ የጠረጴዛ እግር፣ አንገቱ ከትከሻው ሰምጦ።

ቬልታ ሳቀች። ወንበር ፈለገች። እንባዋን በጓንቷ ጠረገች።
«አርኖልድስ ቢኖር፣ ይህን ዝይ ወስዶ ይመዝነው ነበር» አለች።

ያኔ ገባው። ስክሪኑ ሲነሳ ሥዕሉን ወደ ጎን ይለጥጣል፤
ቀጥኖ የተሳለው ብቻ ልኩን ይዞ ይወጣል።
እህል መዛኝ የጆንያውን ክብደት አስቀድሞ ይቀንሳል፤
አርኖልድስም ማሽኑ የሚጨምረውን ቀንሶ ሽመላ ይስላል።

የመጀመሪያውን ቅጂ መለሰ። ደግነቱ ቅጂ አስቀርቷል፤
ይህን ልማድ ያስተማረው የማን ሥዕል እንደሆነ አይናገርም።

«እኔ ነኝ» አለች፣ ዓይኗን ሳታነሳ፣ ጎመኑን እያገላበጠች።
«ከቀብሩ ማግስት የእህቴን ልጅ ‹ይህን ወፍ ሸሽግልኝ› አልኩት፤
‹ማንም› ስልህ እንዳትቀየመኝ፤ በሰው እጅ ነው የነካሁት።»

አበራው።
ሽመላው ቆመ፣ በልኩ፣ አንድ እግሩን ከሆዱ ከትቶ፤
ውሃውም ሄደ።
ጉንቲስ ጎንበስ አለ፣ መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ።
አንዲት ነጥብ አልተነቃነቀችም፤ ቀለሞቹ ናቸው የሚዞሩት፤
ሰማያዊው ለአረንጓዴው፣ አረንጓዴው ለነጩ፣ ወንበር የሚለቁት።

ሃያ ሰከንድ። ከዚያ ዴስክቶፑ፣ ቅርጫቱ፣ ከታች ጥግ ሰዓቱ፤
ዓመቱም ልክ፣ ደቂቃውም ልክ፤ እሷ ግን አልዞረችም ወደ እሱ።

«ላፋጥነው እችላለሁ» አላት፣ «ሲነሳ የሚጫነው ብዙ ነው፤
ግማሹን ባስቀር፣ አምስት ሰከንድ ነው የሚፈጀው።»

«አምስት?»
ዳቦዋን ከጋሪው አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠች።
«ያዝግም። ይልቅ አጥፋና እንደገና አብራው» አለች።

ሦስቴ አበራው። ለባትሪዋ ሦስት ዩሮ ቆጥራ ሰጠች፤
ለሽመላው ሒሳብ አልጠየቃት፤ ጎመኑን ትታለት ሄደች።